እሳት አጥፊው አቶ ቦጋለ እሳት ሲጠብቁ ያደሩ ለት

አቶ ቦጋለ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት እሳት ሲያጠፉ ኖረዋል። መኪና ላይ ተንጠልጥለው ሄደዋል፣ የሚነድ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል፣ ከጭስ ውስጥ ሰው ተሸክመው ወጥተዋል። እሳት ሲያዩ እጃቸው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አየሩን መከልከል፣ ውሃውን መልቀቅ፣ ከዚያ ወደ ቤት መሄድ። ስለዚህ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ አሜሪካ፣ ብሩክሊን ሴንተር በተባለች ከተማ ባለው የልጃቸው ቤት ጓሮ «አባባ፣ ይሄ እሳት እስከ ነገ እንዳይጠፋብኝ» ተብለው አደራ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የመሰላቸው ቀልድ ነው።

አደራውን የሰጣቸው የልጃቸው የሰገነት ባል ሂርጳ ነው። ሂርጳ ኢገን በተባለ ሌላ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ተጫዋች ነው፣ ልቡም ሰፊ ነው፤ ችግሩ አፉ ከእጁ ይቀድማል። በየዓመቱ በኦገስት የመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ የሰፈሩ መንገድ ለመኪና ይዘጋና ጎረቤት ሁሉ ወንበሩንና ምግቡን ይዞ ይወጣል። ባለፈው ዓመት እነሱ ይዘው የወጡት ከሱቅ የተገዛ የድንች ሰላጣ ነበር። ማንም አልነካውም፤ ይሄ ነገር ሂርጳን ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነው ከረመ። ዘንድሮ ታዲያ ለመንገዱ ሰው ሁሉ «ብሪስኬት የማመጣው እኔ ነኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ በከሰል ጭስ የበሰለ!» ብሎ ለፈፈ። ብሪስኬት የሚሉት ፍርምባውን ነው። ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ከሚሸጥበት ያርድ ሴል ክብ ጥቁር ግሪል ገዛ፣ ከኢንተርኔት አራት ገጽ ፕሪንት አደረገ፣ ስድስት ኪሎ የሚሆን ፍርምባ ከነጮማው ጨውና ቁንዶ በርበሬ አሽቶ አዘጋጀ። ሰኞ ማታ ከሰሉን አቀጣጥሎ ሥጋውን ጭኖ ገና እጁን ሳይታጠብ ስልኩ ጮኸ። ከሥራ ቦታው ነው። ሰው ታሞ ቀርቶባቸዋል፤ ድረስልን አሉት።

«አባባ፣ ሥራው ምንም አይደለም» አለ የሥራ ልብሱን እየለበሰ። ከሰሉን በግሪሉ ዳር ዳር እንደ ሰንሰለት ደርድሮታል፤ ከአንዱ ጫፍ የተለኮሰው ቀስ እያለ ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ እስከ ነገ እንዲዘልቅ። «ይሄ ክዳኑ ላይ ያለው ሰዓት የሚመስለው ሙቀቱን ነው የሚያሳየው። ከሁለት መቶ ሃያ አምስት እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ፋራናይት ከሆነ አይንኩት። ቢወርድ ይቺን የታች ቀዳዳ ትንሽ ከፈት፣ ቢወጣ ትንሽ ዘጋ። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ክዳኑን ግን አይክፈቱ።»

«ሥጋው መብሰሉን በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም። እስከ ነገ ቀትር አይበስልም።»

«እስከ ቀትር! ውስጡ ያለው በሬው ነው እንዴ?»

ሂርጳ ሳቀ። ሰገነት ግን አልሳቀችም። ሦስት ዓመት የሆናትን ልጇን ሊናን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። «ዩ ሹር?» አለችው ባሏን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አቶ ቦጋለ እንግሊዝኛቸው ብዙ አይደለም፤ ይቺን «እርግጠኛ ነህ?» ግን ያውቋታል። እሳቸው ባሉበት ቤት በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ ተብላለች።

የነገሩን ሥር እዚህ ላይ ልናገር። ሰገነት በሴፕቴምበር ነርስነት ልትማር ነው፤ ትምህርቱ ቀን ነው፣ ሂርጳ ደግሞ ቀን ይተኛል። ሊናን ማን ይያዛት? ቤት ውስጥ ጤነኛ አያት እያለ ጥያቄው ራሱ አያትን ያማል። ሰገነት ግን ከቤታቸው አሥር ደቂቃ የሚርቅ ዴይኬር የሚሉት የሕፃናት ማዋያ አይታ ቦታ አስይዛለች፤ ቁርጡን እስከ ዓርብ ድረስ ማሳወቅ አለባት። «አስብበታለሁ» ነው የምትለው። አቶ ቦጋለ ደግሞ አይጠይቁም። ምን እንደምታስብበት ስለሚያውቁ ነው የማይጠይቁት።

በክረምቱ፣ በረዶው ደጁን በዘጋበት በአንዱ ቀን፣ ሊና ከሶፋ ላይ ዘላ ከጆሮዋ ኋላ የጠረጴዛ ጠርዝ መታት። እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። አቶ ቦጋለ በረዶ ያዙላት፣ ቅቤ ቀቡላት፣ አባብለው ዝም አሰኟት። ከዚያ ጸጉሯን በእብጠቱ ላይ አበጠሩት። ሰገነት ከሥራ ስትመለስ «ዛሬ እንዴት ዋላችሁ?» አለች፤ «ደህና» አሉ። ማታ ስታጥባት እጇ ላይ እብጠቱ መጣ፣ ቅቤውም ሸተታት።

ሐኪሙ ምንም የለባትም አለ። ሰገነት ግን ሦስት ቀን ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም። በአራተኛው ቀን «ልጅ ይወድቃል፣ አባዬ። ለምን ደበቅከኝ?» አለች። ከዚያ ወዲህ የሥራ ቀኗን ከሂርጳ የዕረፍት ቀን ጋር አገጣጠመች፤ ልጅቷን ብቻዋን ትታላቸው የሄደችው ቢበዛ ለሃያ ደቂቃ ነው።

እና አሁን ሂርጳ ሄደ። ሰገነት ሊናን ልታስተኛ ስትገባ «ሹራብ ደርብ፣ ትንኝ ይጨርስሃል» ብላ በሩን መለሰችው። አቶ ቦጋለ የሚታጠፍ ወንበራቸውን ግሪሉ አጠገብ ዘረጉ።

እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር። ከክዳኑ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ የፍርምባው ሽታ ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ ሄዷል። ሩቅ ካለው ሀይዌይ የመኪና ድምፅ እንደ ወንዝ ይሰማል። መርፌው ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ነው። አቶ ቦጋለ እንዲህ ያለ ሥራ ከጡረታ ወዲህ አላገኙም። አንድ ነገር ተሰጥቷቸዋል፤ ነገሩ ደህና ነው፤ ደህና እንዲሆን የሚያደርጉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። በሃሳባቸው ሊናን ዴይኬር ሳትገባ ወደ ፓርክ ሲወስዷት፣ ዳክዬዎቹን ሲያሳዩአት ቆዩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መርፌው ወረደ። ሁለት መቶ አሥር፣ ከዚያ ሁለት መቶ። እንደተባሉት የታችኛውን ቀዳዳ ትንሽ ከፈት አደረጉና ጠበቁ። አምስት ደቂቃ። ምንም የለም። እንዲህ ዓይነት እሳት ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈልጋል፤ እሱን የነገራቸው የለም። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነው። አገር ቤት በር ዘግተው ከሰል አጠገብ የተኙ ሰዎችን ስንት ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አውጥተዋል። የታፈነ ከሰል ለእሳቸው ክፉ ነገር ነው። መጀመሪያውኑ ከሰል ላይ ክዳን መድፋቱ አልተዋጠላቸውም ነበር።

«ይሄ ከሰል ታፍኗል» አሉ ለራሳቸው። «ትንሽ ይተንፍስ።»

ክዳኑን አነሱት።

ሥጋው ጠቁሮ፣ ጮማው እያብረቀረቀ ተኝቷል። ከሰሉ አመድ ለብሷል። አገር ቤት ያደገ ሰው አመድ የለበሰ ከሰል ሲያይ ምን ያደርጋል? አቶ ቦጋለ ከከሰሉ ካርቶን ክዳኑን ቀደዱና ማራገብ ጀመሩ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ከሰሉ ወዲያው ቀላ፤ ደስ አላቸው። ቀዩ ግን ባለበት አልቆመም። ሂርጳ ለአሥራ አራት ሰዓት ብሎ የደረደረው ሰንሰለት ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። ጮማው ቀለጠና ጠብ አለ፤ ነበልባል ክንድ ያህል ብድግ አለ። ክዳኑን ቢመልሱት መርፌው ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሠሩት እሳቸው አይደሉም፤ ሃያ ሰባት ዓመት የሠለጠነው እጃቸው ነው። የታችኛውን ቀዳዳ ጥርቅም፣ የላይኛውን ጥርቅም፣ በጎን ጭስ ያፈተለከበትን ስንጥቅ በእርጥብ ፎጣ ድፍን። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው መርፌው ሲወርድ ተመለከቱ። ሦስት መቶ። ሁለት መቶ ሃምሳ። «እንዲህ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። ሁለት መቶ። መቶ ሰማንያ። መቶ ሃምሳ ላይ ሲደርስ ነው ያደረጉት ነገር የገባቸው። ሮጠው ሁሉንም ከፋፈቱ። ከሰሉ ድፍን ጥቁር ነው፤ አንዲት ፍም የለችም። በሕይወታቸው ካጠፏቸው እሳቶች ሁሉ እንደዚህ ጥርት ብሎ የጠፋ አልነበረም።

ሂርጳ ጋ ደወሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልካቸውን ቁምሳጥን ውስጥ እንደሚቆልፉት ትዝ አላቸው።

አቶ ቦጋለ ሥጋውን በትሪ ይዘው ጓሮው መሀል ቆሙ። መላው ወዲያው መጥቶላቸዋል፤ ኦቨን ውስጥ መክተት ነው። አራት ሰዓት ያህል ጭስ ጠጥቷል፣ መልኩም ጠቁሯል። ጠዋት ሂርጳ ከመምጣቱ በፊት ከሰሉን እንደገና አቀጣጥሎ ሥጋውን መመለስ፤ ከዚያ «እንዴት አደረ?» ሲባል «ደህና» ማለት። ማን ያውቃል? በድሮው ሥራቸው ስህተቱን ራሱ የተናገረ ሰው ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ደሞዙ ይቆረጣል። ሳይታይ ያስተካከለ ግን በሰላም ያድራል። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው ያደሩት።

አንድ እጃቸው በር ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ቆሙ። በዚህ በር ነው ሰገነት ከሥራ ገብታ «እንዴት ዋላችሁ?» ያለችው።

ትሪውን ምድጃው ላይ አስቀመጡና ደረጃውን ወጡ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። የልጃቸውን በር ሁለት ጊዜ ሊያንኳኩ እጃቸውን አንስተው መለሱት፤ በሦስተኛው አንኳኩ።

«ምን ሆነ? ሊና ናት?»

«ሊና አጠገብሽ ናት፣ ተኝታለች። እኔ ነኝ። እሳቱን አጠፋሁት።»

ሰገነት ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። «ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም። ማጥፋት የሌለብኝን ነው ያጠፋሁት።»

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ተከተለቻቸው። ጓሮ ወጥታ ጥቁሩን ከሰል፣ እርጥቡን ፎጣ፣ የተቀደደውን ካርቶን አየች። አቶ ቦጋለ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። ክዳኑን መክፈታቸውን አልዘለሉም። አለቃ ፊት ቃላቸውን ሊሰጡ የቀረቡ ይመስል እጃቸውን ግጥም አድርገው ነው የቆሙት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሰገነት። «አራገብከው?»

«አራገብኩት።»

«በካርቶን?»

«በካርቶን።»

«እንደ በቆሎ ጠባሽ!» አለችና ሳቋ አመለጣት። ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በሹራቧ እጅጌ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። አቶ ቦጋለ መሳቅ ይፈቀድላቸው እንደሆነ አላወቁም ነበር። ቆይተው እሳቸውም ሳቁ።

ሰገነት ስትስቅም ሥራ አትፈታም። ኦቨኑን በሁለት መቶ ሃያ አምስት ለኮሰችና ሥጋውን ከተተችው። «እሳቱ እስኪነሳ እዚህ ይቆይ። አይቀዘቅዝም» አለች። የሂርጳን አራት ገጽ ከፍሪጁ ላይ አንስታ በወጥ ቤቱ መብራት እየተረጎመች አነበበችላቸው። «ቀዳዳውን ከነካችሁ በኋላ ሩብ ሰዓት ጠብቁ ይላል። ሂርጳ ይሄን አልነገረህም?»

«ጠብቁ አለ። ሩብ ሰዓት አላለም።»

«ጉረኛ! ገጹን መስጠት ሲገባው መግለጫ ሰጥቶ ሄደ። ገጹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።»

አዲሱን ከሰል የደረደሩት አቶ ቦጋለ ናቸው። በዚህ ላይ ማንም አያርማቸውም፤ እሳት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ጥቂቱን በማቀጣጠያው ቆርቆሮ ውስጥ አንድደው ከሰንሰለቱ ጫፍ ላይ አፈሰሱት፣ ለጭሱ ሽታ ሁለት ቁራጭ የሂከሪ እንጨት ጣል አደረጉበት፣ ሥጋውን መልሰው ክዳኑን ደፉት። እጃቸው ወደ ቀዳዳው ሲሄድ ሰገነት «ሩብ ሰዓት» አለች። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መርፌው ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ ቆመ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱን እያዩ ቆዩ።

«ያኔ፣ በክረምት» አሉ አቶ ቦጋለ። «ለምን ደበቅከኝ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ፈርቼሽ ነው።»

«እኔን?»

«አንቺን። እዚህ አገር አለቃዬ አንቺ ነሽ። የምበላው ካንቺ፣ ሐኪም ቤት የምትወስጂኝ አንቺ፣ ቴሌቪዥኑን እንኳን የምትከፍቺልኝ አንቺ ነሽ። የቀረኝ ሥራ ሊና ናት። እሷንም አበላሸ ከተባልኩ ምን እሆናለሁ አልኩ።»

ሰገነት ትንኝ የነከሳትን እግሯን አከከች። «አባዬ፣ እኔም የምፈራው አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ክፍል ቁጭ ብዬ ስልኬ ካልጮኸ ደህና ናቸው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። አንተ ስትደብቀኝ ግን ስልኬ ዝም ሲልም መፍራት ጀመርኩ።»

«ዛሬ ቀሰቀስኩሽ።»

«ቀሰቀስከኝ፤ ያውም በስምንት ሰዓት!» አዛጋች። ተነስታ ሹራቧን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። «ልተኛ ነው። ከወረደ ታውቃለህ፤ ካላወቅህ ደግሞ በሬን ታውቀዋለህ።»

ገባች። አቶ ቦጋለ ከእሳቱ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እስኪነጋ ድረስ ሁለት ጊዜ ወረደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀዳዳዋን ነካ አድርገው ሩብ ሰዓት በሰዓታቸው እየቆጠሩ ጠበቁ። ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ።

ፍርምባው ቀትር ላይ አልበሰለም። ዘጠኝ ሰዓትም አልበሰለም። ሂርጳ ከእንቅልፉ ተነስቶ ነገሩን ከሰማ በኋላ በግሪሉ ዙሪያ እንደ ምጥ ጠባቂ ሲዞር ዋለ። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ሥጋው ሹካ ሲገባበት ልስልስ ያለው። ጠቅልለው አሳረፉት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንገዱ መሀል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ሂርጳ ቢላውን አንስቶ በስሱ ሸነሸነው። ያ ነበልባል የላሰው ዳሩ ደረቅ ብሏል፤ መሀሉ ግን ጮማው እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ነበር። የድንች ሰላጣውን ያልነኩት ጎረቤቶች ሰልፍ ያዙ።

በዚያ ማታ የከተማው የእሳት አደጋ መኪና ለልጆች ሊታይ በየመንገዱ ይዞራል። እነሱ ጋም ደረሰ፤ ሁለት ወጣት እሳት አጥፊዎች ወርደው ሳህን ተቀበሉ። አቶ ቦጋለ ሊናን ታቅፈው የቱቦውን መጋጠሚያ እየዳሰሱ መረመሩ።

«እሱም የእናንተ ሰው ነው» አላቸው ሂርጳ ወጣቶቹን በእንግሊዝኛ፣ በቢላው ወደ አማቱ እያመለከተ። «ሃያ ሰባት ዓመት እሳት አጥፍቷል። ትናንት ማታም አጥፍቷል።»

ሰገነት ለአባቷ ስትተረጉምላቸው አልቀነሰችም። አቶ ቦጋለ ሂርጳን ገላመጡት፤ «ያላጠፋሁት እሳት አንድ ቀርቷል፤ የሱ አፍ ነው በያቸው» አሉ። ይሄንንም ተረጎመችው። እሳት አጥፊዎቹ እየሳቁ ሁለተኛ ሳህን ተቀበሉ። አቶ ቦጋለም ደገሙ፤ ማግስቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው።

ዓርብ ጠዋት ሰገነት ወጥ ቤት ቆማ ዴይኬሩ ጋ ስትደውል አቶ ቦጋለ ለሊና ገንፎ እያበሉ ነበር። ከእንግሊዝኛው የገባቸው «ኖ» እና «ማይ ፋዘር» የሚለው ነው። ስልኩን ዘግታ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «ትደውላለህ። ትንሽ ነው፣ ትልቅ ነው፣ አትመርጥም።»

«እደውላለሁ።»

ደወሉም። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ደወሉ። ሊና አስነጠሰች። ሊና እንቅልፍ እንቢ አለች። ከፖስታ ቤት የመጣ ሰው ነበር። አሥራ አንደኛው ስልክ ሲመጣ ሰገነት ፈተና ልትጀምር እርሳሷን ይዛ ነበር። ስልኩን አንስታ ኮሪደር ወጣች።

«ምን ሆናችሁ፣ አባዬ?»

«ሊና የቀለም እርሳስ በላች» አሉ አቶ ቦጋለ፣ ድምፃቸውን ረጋ አድርገው። «አረንጓዴውን። ግማሹን ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ፊደል ላንብብልሽ፣ መርዝ ነው ይል እንደሆነ ንገሪኝ። ኤን። ኦ። ኤን…»

ሰገነት ግድግዳውን ተደግፋ እስከ መጨረሻው አስነበበቻቸው። «መርዝ የለውም ነው የሚለው፣ አባዬ። ውሃ ስጣት» አለችና ወደ ፈተናዋ ተመለሰች።